የተጓደለ እንቅልፍን እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

አዋቂ ሰው በየሌሊቱ ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። የእንቅልፍ እጦት የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ 24 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የንቃት ደረጃው በደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ስለሚቀራረብ፣ መሪ ሲጨብጥ አደጋው ለመንገደኛው ሁሉ ይተርፋል።

በመጀመሪያ ለ2 ሳምንት የተኙበትንና የተነሡበትን ሰዓት በወረቀት ይመዝግቡ። እንቅልፍ የሚለኩ የእጅ ሰዓቶች የሚሰጡትን ውጤት ብዙም አላምነውም፤ ዝም ብሎ የተጋደመውንም እንደ ተኛ ይቆጥሩታልና። «ለምጄዋለሁ» በሚለው ስሜትዎም አይተማመኑ። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ለ14 ቀናት በየሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ የተኙ ሰዎች ትኩረታቸው እስከ 2 ሌሊት ጭራሽ ያልተኛ ሰው ያህል ሲዳከም፣ እነርሱ ግን ጥቂት ድካም ብቻ እንደሚሰማቸው ይናገሩ ነበር።

ቀጥሎ የመነሻ ሰዓትዎን ይወስኑ። አስቸጋሪው ሥራ ይህ ነው። አብዛኞቻችን የምንጀምረው የመኝታ ሰዓትን በመወሰን ነው፤ ይሁንና እንቅልፍ ታዞ አይመጣም፣ መነሣት ግን በእጃችን ነው። ነቅተን በቆየን መጠን አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ የእንቅልፍ ፍላጎትን ያሳድጋል፤ የማለዳ ብርሃን ደግሞ የሰውነትን ውስጣዊ ሰዓት ያስተካክላል። ሁለቱም መልክ የሚይዙት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ስንነሣ ነው።

እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በሥራ ቀናት 5 ሰዓት ብቻ እየተኛሁ በእረፍት ቀን እስከ እኩለ ቀን በመተኛት ዕዳዬን የከፈልኩ ይመስለኝ ነበር። በዚያው ሌሊት ግን እንቅልፍ እስከ ንጋት ድረስ ሳይመጣ ያድርና ሳምንቱን ከባሰ ድካም ጋር እጀምራለሁ። ስለዚህ በእረፍት ቀን ከተለመደው የመነሻ ሰዓትዎ ከ1 ሰዓት በላይ ዘግይተው አይነሡ፤ የጎደለውን ቀደም ብሎ በመተኛት ወይም ከምሳ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል በማሸለብ ይተኩ።

ክፍሉን ማጨለምና ስልክን ማራቅ የታወቀ ነው። ካፌይን ከተጠጣ በአማካይ ከ5 ሰዓት በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ቡናን እስከ ምሳ ሰዓት ይገድቡ። አልኮል ፈጥኖ ቢያስተኛም የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጣልና አቋራጭ አድርገው አይመኑበት። 20 ደቂቃ ያህል ተጋድመው እንቅልፍ እምቢ ካለ ከአልጋ ይነሡና ሲያንጎላጅዎት ይመለሱ።

በቂ ሰዓት ተኝተውም ቀን ቀን የሚያንቀላፉ ከሆነ፣ በተለይም ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ እንደሚቋረጥ አጠገብዎ የሚተኛ ሰው ከነገረዎት፣ ይህ በልማድ የሚስተካከል ስላልሆነ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ እስኪመረመሩም ድረስ ረጅም መንገድ አይንዱ።