ፎሊክ አሲድ የሚጀመረው ከእርግዝና በፊት ነው

በመጪው ጥር ለምትሞሸሩም ሆነ ልጅ ለመውለድ ለምታስቡ የጎጃም እህቶቼ አንድ ነገር ላሳስባችሁ እወዳለሁ። ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን መውሰድ የሚገባው ሆድ ገፍቶ ክትትል ከተጀመረ በኋላ ሳይሆን፣ ከእርግዝናው ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ነው። የሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ ፅንሱ በተፈጠረ በ28 ቀን ገደማ ስለሚዘጋ፣ ብዙ ሴቶች የወር አበባቸው መቅረቱን በወጉ ሳያስተውሉ ጊዜው ያልፋል፤ ቱቦው ሳይዘጋ ከቀረ ደግሞ ሕፃኑ አከርካሪው ክፍት ሆኖ፣ ወይም የራስ ቅሉና አንጎሉ ሳይሟላ ሊወለድ ይችላል።

መጠኑ በቀን 400 ማይክሮግራም ሲሆን፣ እስከ እርግዝናው 12ኛ ሳምንት ይቀጥላል። ለነፍሰ ጡር በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የአይረንና ፎሊክ አሲድ ኪኒን ይህንኑ ይይዛል፤ የሚያሳዝነው አብዛኞቻችን የምናገኘው ዘግይተን መሆኑ ነው። ስለዚህ ከጋብቻ በፊት ለደም ምርመራ ስትሄዱ በዚያው ጠይቁ፤ ሳታስቡት ያረገዛችሁም ዛሬውኑ ሂዱ። ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ልጅ የወለደች ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ እናት ከፍ ያለ መጠን ሊያስፈልጋት ስለሚችል አስቀድማ ሐኪም ታማክር፤ መድኃኒቷንም በራሷ ውሳኔ አታቋርጥ።

ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ በተፈጥሯቸው ፎሌት፣ ማለትም በምግብ ውስጥ የሚገኘው የዚሁ ቫይታሚን ዓይነት፣ አላቸው። ሆኖም ጎመኑ ብዙ ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ፎሌቱም አብሮ ስለሚሄድ፣ በምግብ ብቻ መተማመን አይበቃም። አይረን ያለበትን ኪኒን ከቡና ጋር አትዋጡት።