ልጅ በወንጀል ሲጠረጠር፦ ወሎ ላሉ ወላጆች የሕግ መንገድ

ልጅ ተያዘ የሚለው ወሬ ወደ ቤት ሲደርስ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ቤቱ ተቀምጦ ሽማግሌ ይልካል፣ ወይ እየሮጠ ጣቢያ ሄዶ «አጥፍቶ ከሆነ ይቀጣ» ብሎ በሰጡት ወረቀት ላይ ይፈርማል። ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል። ሕጉ ለወጣት አጥፊዎች ያዘጋጀው ሥርዓት ወላጅ በአካል መገኘቱን ታሳቢ አድርጎ የተጻፈ ነው። ስለዚህ የወላጅ የመጀመሪያ ሥራ የልጁን ዕድሜ የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ፣ ሳይዘገይና ሳይቆጣ፣ ልጁ ወዳለበት መሄድ ነው።

ዕድሜው ጉዳዩን ሁሉ የሚወስን በመሆኑ ከእርሱ መጀመር ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ልጆችን በሦስት ይከፍላቸዋል። ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ አንቀጽ 52 ጉዳዩን ለቤተሰብ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለአሳዳሪ ይተወዋል። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያለው ልጅ ይጠየቃል፤ ነገር ግን የሚወሰንበት ለወጣት አጥፊዎች ብቻ የተደነገገ ልዩ እርምጃ ወይም ቅጣት እንጂ የአዋቂ ቅጣት አይደለም፣ ከአዋቂ እስረኛ ጋርም አይቀመጥም። ከዐሥራ አምስት በላይ ሆኖ ዐሥራ ስምንት ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ሆኖም አንቀጽ 56 ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀልለት ወይም ለትንንሾቹ ከተደነገጉት እርምጃዎች አንዱን እንዲወስድ ይፈቅዳል። ዐሥራ ስምንት ያልሞላው ሰው ሞት አይፈረድበትም።

በእኛ አገር አነጋገር «ዘጠኝ ይዟል» ማለት ስምንት ሞልቶ ዘጠነኛውን ጀምሯል ማለት ነው። ደሴ ዙሪያ ያየሁት አንድ ጉዳይ ሊበላሽ የነበረው በዚህችው ቃል ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር እሸት ሲጠብስ እሳቱ አምልጦ የጎረቤት ክምር በላ። መርማሪው እናቲቱን «ስንት ዓመቱ ነው?» ሲላቸው «ዘጠኝ ይዞልኛል፣ ወንድምዬ» አሉ፤ እርሱም «ዕድሜ 9» ብሎ ጻፈ። የጤና ኬላው የክትባት ካርድ ከቁርአን መሐል ተጣጥፎ ተገኝቶ ሲቀርብ ግን ልጁ ክምሩ በተቃጠለበት ቀን ዘጠኝ ሊሞላው አራት ወር ይቀረው ነበር። ካርዱ ባይገኝ ኖሮ የስምንት ዓመት ሕፃን ተከሳሽ በሆነ ነበር። ወላጅ ስለ ዕድሜ ሲጠየቅ «ይዟል» ከማለት ይልቅ የተወለደበትን ወርና ዓመት ቢናገር፣ የተጻፈውንም ከመፈረሙ በፊት ቢያስነብብ ይሻለዋል።

ማስረጃውን የማግኘቱ ነገር ወሎ ላይ ቀላል አይደለም። መደበኛው የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለዱት ብዙዎቹ የልደት የምስክር ወረቀት የላቸውም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት መዝገቡ የጠፋበት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያም አለ። እንዲህ በሆነ ጊዜ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የአንደኛ ክፍል የምዝገባ ሰነድ፣ እናቲቱ የወለደችበት ጤና ጣቢያ ማስረጃ፣ ይህ ሁሉ ከጠፋም የአዋላጇና የጎረቤት ምስክርነት ይሰበሰባል። ዕድሜው አከራካሪ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ልጁን ለሕክምና ምርመራ ሊልከው ይችላል። የሐኪም ግምት ግን ግምት ነውና፣ የአንድ ዓመት ልዩነት ጉዳዩን በሚለውጥበት ቦታ ሰነድ መፈለጉን መተው አይገባም። ሰነዱን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ኮፒውን መስጠት፣ ዋናውን ለዳኛው ብቻ ማሳየት ደግሞ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ጣቢያ ሲደርሱ ልጁን ለማየት ይጠይቁ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የተያዘ ሰው ከቅርብ ዘመዶቹና ከሕግ አማካሪው ጋር እንዲገናኝ ይፈቅዳል። ልጁን ሲያገኙት በፖሊስ ፊት መቆጣትና «አድርገሃል አላደረግህም» ብሎ ማፋጠጥ አይበጅም፤ ልጁ በእናቱ ፊት የሚለው ነገር ሌላ ጆሮ ይሰማዋል። ከተመታ፣ ከታመመ ወይም ምግብ ካልበላ ወዲያውኑ ያስመዝግቡ። አንቀጽ 19 ማንም የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለውና እንዲያምን እንደማይገደድ ይደነግጋል፤ ልጅም ሰው ነው። «ቃልህን ስጥና ወደ ቤትህ ትሄዳለህ» የሚባለውን ልጅ አምኖ ያላደረገውን እንደሚናገር፣ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሁሉ አይቶታል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚጠየቀው ልጁ ወደ ዳኛ እንዲቀርብ ነው። ለአዋቂ የተሰጠው ጊዜ፣ የመንገዱ ሳይቆጠር፣ 48 ሰዓት ነው። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ላለው ግን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲወሰድ ያዛል፤ ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድም ፍርድ ቤቱ ለፖሊስ መመሪያ ሊሰጥ ይችላል። ወላጆች ብዙም የማያውቁት፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማየው፣ የዚሁ አንቀጽ ሌላ ክፍል አለ፦ ጉዳዩ በቀጠሮ የሚያድር ወይም ወደ በላይ ፍርድ ቤት የሚተላለፍ ሲሆን፣ ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳሪው ወይም ለዘመዱ ተላልፎ ይሰጣል፤ ተረካቢውም በቀጠሮው ቀን ልጁን ለማቅረብ ኃላፊ ይሆናል። ስለዚህ ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ ሲጠይቅ ወላጅ እጁን አውጥቶ «ክቡር ዳኛ፣ አባቱ እኔ ነኝ፤ ልጄን ልረከብና በቀጠሮው ቀን ላቅርበው» ማለት አለበት። ወላጅ ችሎት ካልቀረበ ልጁን የሚረከብ ማን ነው?

ጠበቃን በተመለከተ አንቀጽ 174 ሁለት ሁኔታዎችን ለይቷል። ልጁን የሚወክል ወላጅ ወይም አሳዳሪ ካልቀረበ፣ ወይም ክሱ ከዐሥር ዓመት በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይመድብለታል። ከዚህ ውጭ በሆነውም ጉዳይ አቅም የሌለው ቤተሰብ በፍርድ ቤቱ በኩል ተከላካይ ጠበቃ እንዲሰጠው በጽሑፍ ይጠይቅ። ደሴ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ፣ ቢያንስ ማመልከቻ ለማስጻፍና የክሱን ክብደት ለመረዳት ወደዚያ መሄድ ይቻላል። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ለማመልከቻ ይጠቅማሉ፤ ምክር ግን ከጠበቃ ይወሰዳል። ቋንቋም መብት ነው። ከሚሴ ችሎት የቀረበ ኦሮምኛ የማይሰማ ልጅ፣ ወይም ደሴ የቀረበ አማርኛ የማይሰማ የባቲ አካባቢ አፋር፣ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይገባዋል።

ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት አይደለም። አንቀጽ 176 የወጣት አጥፊ ጉዳይ በዳኛው ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ግርማና ሥርዓተ ነገር ሳይበዛበት እንዲሰማ ያዛል፤ ከምስክሮች፣ ከባለሙያዎች፣ ከወላጅ ወይም ከአሳዳሪና ከበጎ አድራጎት ተቋማት ተወካዮች በቀር ማንም አይገባም። የጎረቤት ሰው ሰብስቦ መምጣት ስለዚህ ጥቅም የለውም። ዳኛው ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና አኗኗር ወላጁን ወይም መምህሩን ሊጠይቅ ስለሚችል፣ የክፍል ውጤቱን፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤና ልጁ ቤት ውስጥ የሚሠራውን በአጭሩ መናገር የሚችል ወላጅ ጉዳዩን በእጅጉ ይረዳል። ልጁ መልአክ ነው ማለት አይጠበቅበትም።

ሽምግልናን በተመለከተ ወሎ የታወቀ አገር ነው፤ አበጋር የሚባሉት ባህላዊ አስታራቂዎች ደም ያደርቃሉ፣ ሽማግሌ የሰፈርን ጠብ ያበርዳል። በሕጉ ዘንድ ግን ልዩነት አለ። እንደ ስድብና ቀላል የአካል ጉዳት ያሉት በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ በመሆናቸው፣ ተበዳይ አቤቱታውን ሲተው ጉዳዩ ሊቆም ይችላል። ዐቃቤ ሕግ በራሱ የሚከሳቸው ከባድ ወንጀሎች ግን በዕርቅ አይዘጉም፤ ዕርቁ የሚረዳው ቂምን ለማስቀረትና ቅጣትን ለማቅለል ነው። ካሣ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2124 አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱን ኃላፊ ስለሚያደርግ፣ ልጁ ባይቀጣም ክምሩ ሊከፈል ይችላል። በሽማግሌ ፊት የሚጻፈው ወረቀት «ልጄ ወንጀሉን ፈጽሟል» የሚል ሳይሆን፣ ለጉርብትና ሲባል ይህን ያህል ብር ተከፈለ የሚል ቢሆን ይመረጣል፤ ያች ወረቀት ነገ ችሎት ላይ መውጣቷ አይቀርምና።

ልጁ ጥፋተኛ ቢባል የሚወሰነው ተግሣጽና ወቀሳ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየት፣ በቁጥጥር ሥር ሆኖ መማር፣ ሕክምና፣ ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መላክ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ሲሆን ከዐሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜ አያልፍም። እንዲህ ያለ ተቋም በየወረዳው ስለማይገኝ፣ ወላጅ ልጁን የሚቆጣጠር አጎት ወይም አክስት፣ የሚማርበት ትምህርት ቤትና የሚያድርበት ቤት አስቀድሞ ለዳኛው ቢያሳይ ፍርድ ቤቱ ቀለል ያለውን እርምጃ ለመምረጥ ምክንያት ያገኛል። ዳኛው በውሳኔው ወላጁንም ሊወቅስ ይችላል። ይህ ሲሆን መከራከር ሳይሆን ማዳመጥ ይሻላል።

በውሳኔው ያልተስማማ ወገን በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ያሳውቃል፤ የፍርዱን ግልባጭ ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ ባሉት 30 ቀናት ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን ያስገባል። ከወረዳ ፍርድ ቤት የሚነሳ ይግባኝ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ስለሚቀርብ፣ የደቡብ ወሎ ሰው ደሴ፣ የሰሜን ወሎ ሰው ወልድያ ይሄዳል። የይግባኙ ጊዜ ካለፈም በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 180 መሠረት ልጁ፣ ወኪሉ ወይም እንዲጠብቀው የተሰጠው ሰው እርምጃው እንዲለወጥለት በማንኛውም ጊዜ ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይገባል፤ የመዝገብ ቁጥሩን ጽፎ ማስቀመጥ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።