ሁሉንም ነገር «ኮመን» አትበሉት

እንግሊዝኛ ስንጽፍ «የተለመደ» ወይም «የተስፋፋ» ለማለት ቶሎ የሚመጣልን «ኮመን» ነው። ስህተት አይደለም፤ ግን አንዳንዴ የተሻለ ቃል አለ። «ዋይድስፕሬድ» ብዙ ቦታ ለተዳረሰ ነገር ነው፤ መብራት ጠፍቶ ግማሽ ከተማ ከጨለመ እሱን ተጠቀሙ። «ፕሪቫለንት» ደግሞ በአንድ አካባቢ ወይም ወቅት በብዛት ለሚገኝ ነገር፣ በተለይ ለበሽታ ይመቻል፤ ቆላ ውስጥ እንዳለው ወባ።

እኔን ጉድ የሠራኝ «ራምፓንት» ነው። የሥራ ማመልከቻ ስጽፍ አሪፍ ቃል መስሎኝ «በከተማችን የበጎ ፈቃድ ሥራ ራምፓንት ነው» ብዬ ላክሁት! ለካ ቃሉ ከቁጥጥር ለወጣ መጥፎ ነገር ነው የሚውለው፤ ለሙስና፣ ለዋጋ ንረት። በጎ ፈቃደኞቹን ወረርሽኝ አደረግኋቸው ማለት ነው። (ሥራውን አላገኘሁም፤ በእሱ ይሁን በሌላ እንጃ።)

«ዩቢኩዊተስ» የትም ዞር ብትሉ ለማታጡት ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ እንደ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ። «ፖፑላር» ግን ሰው የወደደው ማለት ስለሆነ «ጉንፋን ፖፑላር ነው» ካላችሁ ያስቃል። ደግሞ ሰውን «ኮመን» እንዳትሉ፤ በተለይ እንግሊዞች ዘንድ «ስድ አደግ» እንደማለት ነው።