የድብርት መድኃኒት ከጀመራችሁ ቶሎ አትፍረዱበት

ለድብርት ወይም ለጭንቀት መድኃኒት የጀመረ ሰው ካለ ይቺን ልብ ይበል። እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉት እንደ ራስ ምታት ኪኒን ወዲያው አይሠሩም። ለውጡ መታየት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው፤ ሙሉ ውጤቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የሚያናድደው፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ቀድሞ ይመጣል። ማቅለሽለሽ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ አንዳንዴም ጭንቀቱ ራሱ ትንሽ ይብሳል። ብዙ ሰው "ይሄ ነገር አልተስማማኝም" ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። አብዛኛው ግን በሳምንት በሁለት ሳምንት ይቀልላል። ከበዛባችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ መጠኑን ሊቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሊቀይር ይችላል።

ሲሻላችሁም በራሳችሁ አታቁሙ። ከተሻለ በኋላ ቢያንስ 6 ወር መቀጠል የተለመደ ነው፤ ማቆሙም ቀስ በቀስ ነው። በድንገት ከተቋረጠ ማዞርና መነጫነጭ ሊያመጣ ይችላል። ጎን ለጎን የንግግር ሕክምና (ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ የሚደረግ ሕክምና) ካገኛችሁማ እሰየው፤ ለቀላል ድብርት እሱ ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ቀጠሮ የማይጠብቅ አንድ ነገር አለ፦ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ በተለይ ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ያኔውኑ ለቅርብ ሰው ነግሮ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።