መንገድ ላይ የማታውቁትን ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት

መርካቶም ሆነ ሽሮ ሜዳ የአላፊ አግዳሚውን ፊት ማንሳት ለምትወዱ፦ ካሜራው ይቆይ፣ ሰላምታው ይቅደም። ሸማኔውን ስለ ጥለቱ፣ ቅመም ሻጯን ስለ ኮረሪማው ጠይቁ። ከዚያ ለምን እሳቸውን እንደመረጣችሁ ንገሯቸው፤ «እማማ፣ ነጠላዎን ያጣፉበት አኳኋን አምሮብዎታል፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» እንደማለት። እምቢ ካሉ አመስግኖ መሄድ ነው፤ ደጋግሞ መለማመጥ ነውር ይመስለኛል። ከሩቅ ተደብቆ ማንሳትማ አደን እንጂ ትውውቅ አይደለም።

የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ የዓይን ሥር ታጠቁራለች። ሰውየውን ከሱቅ በረንዳ ጥላ ጠርዝ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ከደጅ የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው። በስልክ የምታነሱ ከሆነ ተጠግታችሁ በሰፊው ሌንስ አታንሱ፣ አፍንጫ ያገዝፋል፤ በዙም ሁለት እጥፍ (2x) አቅርቡና አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። በካሜራ ከሆነ 50 ወይም 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል።

በመጀመሪያው ፎቶ ሁሉም ሰው ይደርቃል። አሳዩዋቸው፣ ይሳቁበት፣ ጨዋታውን ቀጥሉ፤ ጥሩው ፎቶ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ፎቶውን በቴሌግራም ላኩላቸው። ስማርት ስልክ ለሌላቸው አሳትማችሁ ውሰዱላቸው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጎረቤቶቻቸውን የሚያስተዋውቋችሁ ራሳቸው ይሆናሉ። ከጀርባ ወታደራዊ ግቢ ወይም የጥበቃ ሰው አለመኖሩንም አስቀድማችሁ እዩ።