የብርድ ወራት በዓላትን አንሥቶ ለዐውደ ርእይ ማብቃት

የብርድ ወራት ለፎቶግራፍ አንሺ ሁለት ሥራ ይዞ ይመጣል፤ በረዶው፣ ፋኖሱ፣ ርችቱና የአደባባይ ጨዋታው ደጅ ሲያስወጡት፣ ሰው ቤት ውስጥ መሰብሰብ የሚወድበት ጊዜ በመሆኑም ቤተ መጻሕፍትና የሕዝብ አዳራሾች ግድግዳቸውን ለአካባቢው ባለሙያዎች ይከፍታሉ። ብዙዎች ሁለቱን ለየብቻ ይይዟቸዋል፤ በዓሉን እንደመጣላቸው ያነሡና የዐውደ ርእዩ ጥሪ ሲደርስ ከተከማቸው ውስጥ ይለቅማሉ። የተሻለው መንገድ ግን ግድግዳውን አስቀድሞ አይቶ ከዚያ በኋላ ለማንሣት መውጣት ነው።

ስለዚህ ወቅቱ ሳይገባ ወደ አዳራሹ ይሂዱ፤ ግድግዳውን ይለኩ፣ ምስማር መምታት መፈቀዱን ይጠይቁ፣ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ ይመልከቱ፣ ሥራ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ኃላፊው ማን እንደሆነም በጽሑፍ ይያዙ። 6 ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ፣ ስፋታቸው 60 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ፍሬሞችን በ20 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ቢሰቅሉበት፣ ከዳርና ዳር 30 ሴንቲ ሜትር ተትቶለት የሚይዘው 7 ፎቶ ብቻ ነው። ቁጥሩ ማነሱን ያወቀ ሰው በበዓሉ መካከል ሆኖም አንድ ዓይነት ፎቶ አይደጋግምም።

ደጅ ሲወጡ ብርዱ መጀመሪያ የሚያጠቃው ባትሪውን ነው። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት በቅዝቃዜ ስለሚዘገይ፣ ሙሉ ሆኖ የወጣ ባትሪ በድንገት ያለቀ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሲሞቅ ግን አብዛኛው ኃይሉ ይመለሳል። ትርፍ ባትሪዎችን ከካፖርት ሥር ባለ የደረት ኪስ ይያዙና የቀዘቀዘውን ከሞቀው ጋር እያፈራረቁ ይጠቀሙ። ካሜራውን ራሱን ግን ካፖርት ውስጥ አይክተቱት፤ ከሰውነት የሚወጣው እርጥበት ሌንሱ ላይ ጤዛ ይሠራል።

ከባትሪው የሚብሰው ጉዳት የሚደርሰው ደግሞ ደጅ ሳይሆን ወደ ሞቀ ክፍል ሲገቡ ነው። የሞቀው አየር የያዘው እንፋሎት በቀዘቀዘው ብረትና መስተዋት ላይ ውኃ ሆኖ ያርፋል፣ አንዳንዴም ወደ ካሜራው ውስጥ ይዘልቃል። መከላከያው ቀላል ነው፤ በሩን ከመክፈትዎ በፊት፣ ገና ብርዱ ውስጥ እያሉ፣ ሜሞሪ ካርዱን ያውጡ፣ ካሜራውን ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው አየሩን በእጅዎ ጨምቀው ይዝጉት። ጤዛው በከረጢቱ ውጭ ላይ ሲንጠባጠብ ያያሉ፤ ካሜራው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ፣ አንድ ሁለት ሰዓትም ቢፈጅ፣ አይክፈቱት። ፎቶውን ለማየት የሚቸኩል ሰው ካርዱን አስቀድሞ ያወጣው ለዚሁ ነው።

በረዶን በማንሣት ረገድ ዋናው ችግር የካሜራው ብርሃን መለኪያ ነው። መለኪያው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ነጩን በረዶ አጨልሞ ያወጣዋል። ከ1 እስከ 2 ስቶፕ (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ ይጨምራል) ብርሃን ይጨምሩ፣ ሂስቶግራሙም፣ ማለትም የፎቶውን ብርሃን ከጨለማ እስከ ነጭ የሚያሳየው ግራፍ፣ የቀኝ ጠርዙን ሳይነካ መቅረቱን ያረጋግጡ። በጥላ ያለ በረዶ የሰማዩን ብርሃን ስለሚቀበል ሰማያዊ ይሆናል፤ አንዳንዶች ይህን ቀለም ጨርሰው ያጠፉታል፣ እኔ ግን ብርዱን የሚናገረው እርሱ ስለሆነ በመጠኑ መተው ይሻላል ባይ ነኝ። የሚወርደውን በረዶ አየር ላይ ለማስቀረት 1/250 ሰከንድና ከዚያ የፈጠነ ሹተር (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበት ጊዜ)፣ እንደ ክር እንዲሳብ ለማድረግ ደግሞ 1/30 አካባቢ ይሞክሩ፤ በሁለቱም ከበስተኋላ ጠቆር ያለ ነገር ያስፈልጋል። በቅርብ ማንሣት የሚወድም ሰው ከዊልሰን ቤንትሊ የሚማረው አለ። ይህ የአሜሪካዋ ቨርሞንት ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1885 ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ የበረዶ ቅንጣትን ፎቶ ያነሣ ሲሆን፣ በዕድሜው ከ5000 በላይ ቅንጣቶችን አንሥቷል፤ የሚሠራውም ቅንጣቶቹ እንዳይቀልጡበት ሙቀት በሌለው ክፍል ነበር። እርስዎም ቅንጣት የሚያርፍበትን ጥቁር ጨርቅ አስቀድመው ደጅ ያቀዝቅዙ፣ ሲያጎነብሱም ትንፋሽዎን ይያዙ።

ለማታው በዓል ፀሐይ ሳትጠልቅ ይድረሱ። ከጠለቀች በኋላ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ የሰማዩ ሰማያዊና የመብራቱ ቢጫ ይመጣጠናሉ፤ ሰማዩ ፈጽሞ ከጠቆረ ግን ፋኖሱ ብቻውን ይቀራል። በእሳት ዙሪያ ለተሰበሰበ ሰው እሳቱ በጎን በኩል ፊቱን እንዲያበራው ሆነው ይቁሙ፣ የብርሃኑን ልክም ከነበልባሉ ሳይሆን ከፊቱ ይውሰዱ። ፍላሽ በረዶ እየጣለ ባይጠቀሙ ይሻላል፤ ለሌንሱ የቀረቡትን ቅንጣቶች አብርቶ ፎቶውን በነጭ ነጠብጣብ ይሸፍነዋል። ለርችት ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የመቀበል አቅሙ) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ከf/8 እስከ f/11፣ ከ2 እስከ 5 ሰከንድ የሚቆይ ሹተርና በእጅ የተስተካከለ ፎከስ ይበቃል፤ ጭሱ ሳይከማች የሚተኮሱት የመጀመሪያዎቹ ጥርት ያሉ ናቸው። ያም ሆኖ የርችት ፎቶ ሁሉ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ጥቂት ካነሡ በኋላ ዞር ብለው ወደ ላይ ያንጋጠጠውን ሕዝብ ያንሡ፤ ግድግዳ ላይ ተመልካችን የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ ይኸኛው ነው። ፊቱ ጎልቶ የሚታይ ሰው፣ በተለይ ሕፃን ከሆነ ወላጁ፣ ፎቶው ለሕዝብ እንደሚሰቀል ተነግሮት ይፍቀድ።

ለምርጫ ፎቶዎቹን በትንሹ አሳትመው ጠረጴዛ ላይ ይዘርጓቸውና ለጥቂት ቀናት ይተዉአቸው። ሰፊ እይታ፣ የሰው ፊትና የቅርብ ዝርዝር እየተፈራረቁ ይምጡ፤ ሁለት ተመሳሳይ ፎቶዎች ካሉ ለማንሣት ያደከመዎትን ሳይሆን ታሪኩን የሚያስቀጥለውን ያስቀሩ። 6000 በ4000 ፒክስል ያለው ፎቶ በኢንች 300 ፒክስል ሲታተም 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ማስፋት የሚቻለው ተመልካቹ ራቅ ብሎ የሚያይ ከሆነ ነው። የስክሪንዎን ብርሃን ካልቀነሱ ሕትመቱ ከጠበቁት በላይ ጨለማ ይሆናል። ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ባለው የብርሃን ልኬት የበረዶውን ብሩህ ክፍል 245 አካባቢ ያቁሙት፤ 255 የደረሰ ቦታ ቀለም ስለማያርፍበት ባዶ ወረቀት መስሎ ይታያል። በኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ) የታተመውን ቢያንስ አንድ ቀን ሳያደርቁ ፍሬም ውስጥ አያስገቡ፣ ወረቀቱም መስተዋቱን እንዳይነካ በመካከል የካርቶን ጠርዝ ይኑር።

ሲሰቅሉ የእያንዳንዱ ፎቶ መካከል ከወለሉ ከ145 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዋል፣ ከማሞቂያ በላይ ያለው ቦታም ባዶ ይቅር፤ ደረቁ ሙቀት ወረቀቱን ያቆለምመዋል። መብራቱ ከላይ በ30 ዲግሪ ገደማ ቢያዘነብል መስተዋቱ ላይ አያንጸባርቅም። ይህን ለማረጋገጥ አዳራሹ በሚከፈትበት ሰዓት ሄደው በእያንዳንዱ ፎቶ ፊት ይቁሙ፤ የራስዎ ጥላ ወይም የመስኮቱ ነጸብራቅ የሚታይበት ካለ መብራቱን ያዙሩ፣ ካልሆነም ፎቶውን ጠቆር ካላለው ጋር ቦታ ያቀያይሩ።