በፍላሽ የመጣ ሶፍትዌር ከመጫናችሁ በፊት፦ ፋይሉ እንዳልተነካካ እንዴት ታረጋግጣላችሁ?

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሰው ያወረደው ሶፍትዌር ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል። ከ300 ሜጋባይት በላይ የሚመዝነውን ሊብሬኦፊስ፣ ማለትም ጽሑፍና ሠንጠረዥ የሚሠራበትን ነጻ ሶፍትዌር፣ ሁሉም በየሞባይል ዳታው ያውርድ ቢባል ብሩን ማን ይችለዋል? ስለዚህ ፋይሉ ከሳቢያን ወደ ከዚራ፣ ከከዚራ ወደ መጋላ በፍላሽ ይዞራል። እኔም ኮምፒውተር የምጠግነው በዚሁ ልማድ ነው፤ ተዉት አልልም። ግን ፍላሹ ስንት ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ እንደመጣ አናውቅም።

አንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራውን ኡቡንቱ የሚባል ሲስተም ልጭንለት ብጀምር ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ሃርድ ዲስኩን ጠረጠርኩ፤ ራሙን ነቅዬ ሌላ ሞከርኩ። በዚያ ሙቀት ሁለት ቀን ለፋሁ። «ፋይሉ ደህና ነው?» ብለው «አቦ፣ ከጓደኛዬ ነው የወሰድኩት፣ ምንም የለውም» አለኝ። በመጨረሻ ፋይሉን ስመረምረው ጎዶሎ ሆኖ ተገኘ፤ ኮፒው ሳያልቅ ፍላሹ ተነቅሏል። ምርመራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ፋይል፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ በሂሳብ የሚወጣለት የጣት አሻራ አለው፤ ባለሙያዎች ሃሽ ይሉታል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ኤስኤችኤ-256 የሚባለው ሲሆን ሁልጊዜ 64 ምልክት ነው፦ ከ0 እስከ 9 ያሉ አሃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፦ ፋይሉ ጊጋባይት ሊሆን ይችላል፣ አሻራው ግን ከአንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት አይበልጥም። ፋይሉን ከማንም ፍላሽ ውሰዱ፤ አሻራውን ግን በራሳችሁ ስልክ ከሠሪው ድረ ገጽ አምጡ። የሚበላው ዳታ ከቁጥር አይገባም።

መጀመሪያ አሻራውን ፈልጉ። የሠሪውን ድረ ገጽ አድራሻ ራሳችሁ ጻፉት፤ ፍለጋ ላይ ከላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። ሊብሬኦፊስ ከማውረጃው አጠገብ «ኢንፎ» የሚል ማስፈንጠሪያ አለው፤ የቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ እዚያው ማውረጃ ገጹ ላይ ያሳያል፤ ኡቡንቱ ደግሞ የሁሉንም አሻራ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። እዚህ ላይ ቸኩላችሁ አትለፉ፦ የስሪት ቁጥሩ፣ 32 ወይስ 64 ቢት መሆኑ፣ ለዊንዶውስ ይሁን ለማክ፣ ሁሉም ከፋይሉ ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። «አልገጠመም» ብለው የሚመጡልኝ አብዛኞቹ ያመሳከሩት ከሌላ ስሪት ጋር ሆኖ ነው የማገኘው።

ቀጥሎ የያዛችሁትን ፋይል አሻራ አውጡ። ዊንዶውስ ላይ ምንም መጫን አያስፈልግም። ፋይሉን ከፍላሹ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አድርጉና ፓወርሼል የሚባለውን ትእዛዝ የሚጻፍበት የዊንዶውስ መስኮት ክፈቱ። ትእዛዙ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ አንድ ቃል ነው፦ ጌት፣ ሰረዝ፣ ፋይልሃሽ (Get-FileHash)፤ ሳይነጣጠል። ከዚያ አንድ ክፍት ቦታ ትታችሁ ፋይሉን በማውስ ጎትታችሁ መስኮቱ ላይ ልቀቁት፤ አድራሻው ራሱ ይገባል። ኢንተር ስትሉ «ሃሽ» በሚለው ዓምድ ሥር 64ቱ ምልክቶች ይወጣሉ። ፋይሉ ትልቅ ከሆነ ትንሽ ይጠብቃል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትዝጉት። ሊኑክስና ማክም በተርሚናል የሚሠራ የራሳቸው ትእዛዝ አላቸው።

ለማመን ከከበዳችሁ በኖትፓድ ሞክሩት። «ድሬዳዋ» ብላችሁ ጽፋችሁ ሴቭ አድርጉና አሻራውን አውጡ። አሁን መጨረሻው ላይ አንድ አራት ነጥብ ጨምሩና ድገሙት። አንድ ሁለት ምልክት ብቻ አይደለም የሚለወጠው፤ መላው ቁጥር ሌላ ይሆናል።

ማመሳከሩን በዓይን ብቻ አትሥሩት። ሰው የፊቱንና የኋላውን አምስት አምስት ምልክት አይቶ «ገጠመ» ይላል፤ ይሄ አይበቃም። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ካለው ያወጣችሁትን ቁጥር ኮፒ አድርጉ፣ የሠሪውን ገጽ ብሮውዘር ላይ ክፈቱ፣ ኮንትሮልና ኤፍ ተጭናችሁ ፔስት አድርጉት። ገጹ ላይ ቀለም ከበራ ገጥሟል። ፓወርሼል በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ድረ ገጹ በትንሹ ሊጽፈው ይችላል፤ ልዩነት የለውም። ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ የምታነቡት አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ስክሪኑን ይከተል፤ አራት አራት እያደረጋችሁ ብትሄዱ 16 ጊዜ ብቻ ነው።

ካልገጠመስ? ፋይሉን አትክፈቱት። ስሪቱን አንዴ አይታችሁ እሱ ትክክል ከሆነ ሰርዙና ከሌላ ምንጭ፣ ከተቻለም ከሠሪው አምጡ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኔትወርክ መቆራረጥ ወይም መብራት መጥፋት ነው። ቁጥሩ ኢ3ቢ0ሲ442 ብሎ ከጀመረ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ምንም የለም ማለት ነው፤ የባዶ ፋይል አሻራ እሱ ነው።

አሻራው የሚነግራችሁ ፋይሉ ሠሪው ገጽ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ነው። ገጹን ራሱን ሰርጎ የገባ ሰው ከያዘውስ? እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ ጎብኚዎች ለሰርጎ ገብ ድብቅ የኋላ በር ወደተከፈተበት ፋይል ተመርተው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ቁጥሩንም መለወጥ ይችላል። ለዚህ ነው ዲጂታል ፊርማ፣ ማለትም ፋይሉን ማን እንዳወጣው የሚያሳይ ማኅተም፣ የሚያስፈልገው። ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን በቀኝ ተጫኑ፣ ፕሮፐርቲስ ግቡ፣ «ዲጂታል ሲግኒቸርስ» የሚለውን ክፈቱ፣ የፈራሚውን ስም መርጣችሁ «ዲቴይልስ» በሉ። ፊርማው ደህና መሆኑን በግልጽ ይጽፋል። ሊብሬኦፊስ ላይ ስሙ ዘ ዶኩመንት ፋውንዴሽን፣ ቪኤልሲ ላይ ቪዲዮላን መሆን አለበት። ክፍሉ ጭራሽ ከሌለ ፋይሉ አልተፈረመም ማለት ነው፤ ያልፈረመ ሁሉ ሌባ አይደለም፣ ያኔ ግን አሻራው ግዴታ ነው።

ፊርማም ቢሆን የመጨረሻ ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር የሚባለው የኮምፒውተር ማጽጃ ሶፍትዌር ስሪት 5.33 ትክክለኛ ፊርማ እያለው ተንኮል አዘል ኮድ ተሸክሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኗል፤ ክፋቱ የገባው ሠሪው ቤት ውስጥ ሳለ ነው። ስለዚህ ፀረ ቫይረሱን አታጥፉ። ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተለወጠውን፣ ደግሞ በዚህ መንገድ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ሆን ተብሎ የተለወጠ ፋይል ከሠሪው አሻራ ጋር በፍጹም አይገጥምም። «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ዝጋው» የሚል መመሪያ አብሮት ከመጣ እኔ በሰው ኮምፒውተር ላይ አልጭነውም።

ኤምዲ5 የሚባል 32 ምልክት ያለው አሮጌ አሻራም ታገኛላችሁ። በኮፒ ወቅት የተበላሸን ፋይል ይለያል፤ ሆን ብሎ ለሚያጭበረብር ግን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደካማነቱ ታውቋል። ኤስኤችኤ-256 ካለ እሱን ያዙ።

እኔ ቤት አንድ ደብተር አለ። የሶፍትዌሩን ስም፣ ስሪቱን፣ ከሠሪው ገጽ ያየሁበትን ቀንና 64ቱን ምልክት በእጄ እጽፍበታለሁ። ፍላሹ ላይ አላስቀምጠውም፤ ፋይሉን የነካ ሰው እሱንም ሊነካው ይችላል። ፍላሹ ዞሮ ዞሮ ሲመለስ የፋይሉን አሻራ እንደገና አወጣለሁ፣ ደብተሩን እገልጣለሁ።